ግልጽ ደብዳቤ፦ በሰው ምርመራ የውሻዬን ፋይል ለዘጉት ኃላፊ

ለካናቢስ ምርቶች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

«የቀረበው ማስረጃ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ አቤቱታዎ ተዘግቷል» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ቆንጆ ነው።

በስልክም፣ በኢሜይልም፣ በአካልም ሞክሬያለሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ውሻው ሰው ነክሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነከሰም አልኩት። እንግዲያው የሚሞላ ቅጽ የለንም አለኝ። ስለዚህ በአደባባይ እየጻፍኩልዎ ነው።

ነገሩ ፋይሉ ውስጥ አለ። ፋይሉ መነበቡን ስለምጠራጠር ግን ልድገመው። ቡቺ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ ማሰሪያው እጄ ላይ እያለ፣ ሣር ላይ ከተጣለ ፓኬት የካናቢስ ከረሜላ አንስቶ ዋጠ። ፓኬቱን ከአፉ ነጠቅኩት፤ ከረሜላው ግን ወርዷል። ምርቱ መሥሪያ ቤትዎ የፈቀደው ነው፤ የፈቃድ ቁጥሩ ፓኬቱ ላይ ታትሟል፤ ፎቶውን ልኬያለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፉ ጀመር። ባለበት ቆሞ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። እጄን ሳስጠጋው ልመታው የመጣሁ ይመስል ይበረግጋል። ሽንቱ ሳይታወቀው ይንጠባጠባል። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ስታየው ገባት። የልብ ምቱ ዝቅ ብሏል፣ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል።

ካናቢስ መኖሩን ለማየት የሽንት ምርመራ ተደረገለት። «ነጻ» የሚል ውጤት መጣ። እርስዎም ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል ይህችን አንዲት ቃል መዘዙ።

ያ ምርመራ የተሠራው ለሰው ነው፣ ክቡር ኃላፊ። የውሻ ሰውነት ቲኤችሲን፣ ማለትም ካናቢስ ውስጥ ያለውን የሚያሰክር ንጥረ ነገር፣ የሚሰባብርበት መንገድ ከሰው ይለያል፤ በሽንቱ የሚወጣው ቅሪትም ያው አይደለም። ስለዚህ የሰው መመርመሪያ ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ያውቃሉ። ሐኪሟም ሪፖርቷ ላይ «ውጤቱ ነጻ መሆኑ አለመመረዙን አያሳይም» ብላ ጽፋዋለች። እዚያው ገጽ ላይ፣ «ነጻ» ካለው መስመር ቀጥሎ። አንዱን መስመር አንብቦ ቀጣዩን መዝለል እኮ የራሱ ችሎታ ይጠይቃል!

ደብዳቤዎ «በአብዛኛው በራሱ የሚያልፍ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ አብዛኞቹ ይድናሉ። ቡቺም ድኗል። ግን እንዴት እንደሚያልፍ ልንገርዎ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ይሞቃል፣ ይጠበቃል። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ምልክቱ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። ደንዝዞ እያለ ቢያስመልሰው ትውከቱ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የውሻ አንጎል ደግሞ፣ በተለይ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል፣ ካናቢስ የሚይዛቸው ተቀባዮች በብዛት አሉት። ሰው ፈገግ ብሎ የሚያልፈው መጠን ውሻን መሬት ላይ የሚዘርረው ለዚህ ነው። ከረሜላው ውስጥ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ካለበትማ ሌላ ጣጣ ነው፤ የደም ስኳሩን በፍጥነት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ሊያበላሽ ይችላል። ቸኮሌት ከሆነ ደግሞ ቸኮሌቱ ራሱ ለውሻ መርዝ ነው።

የማይድኑም አሉ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ 125 ውሾች ተጠንተው ውጤቱ በ2012 ታትሟል። ሁለቱ ሞተዋል። ሁለቱም የበሉት በካናቢስ ቅቤ የተሠራ ምግብ ነበር። ይህን አቤቱታዬ ላይ አያይዤዋለሁ። አባሪው ተከፍቶ ያውቃል?

ከሁሉ ያቃጠለኝ የመጨረሻው አንቀጽ ነው። «ባለቤቱ እንስሳውን በአግባቡ እንዲቆጣጠር እንመክራለን።» ከዚያ በፊት አንዱ ባልደረባዎ በስልክ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ከሳሽ ሆኜ ደውዬ ተከሳሽ ሆኜ ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ? ሰው ሐኪሙን ይዋሻል። «ምን እንደበላ አላየሁም» ይላል። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አንቱፍሪዝም ውሻን ልክ እንደሰካራም ያንገዳግደዋል፤ ያኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። እውነቱ ካልተነገረ ሐኪሙ በየትኛው ይጀምር? እኔ እውነቱን ተናግሬ የተመለሰልኝ ምክር ነው።

ቁጥጥር ነው ካሉ ደግሞ መናፈሻ ውስጥ ውሻ የሚያገኘውን ሁሉ ባለቤት እንደማያየው ማሳያ አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአውስትራሊያ ሜልበርን ከ2011 እስከ 2020 ድረስ በካናቢስ የተመረዙ 15 ውሾች ላይ የተጠረጠረው ነገር ሜዳ ላይ ያገኙት የሰው ዓይነ ምድር ነው። ይህንንም በማሰሪያ ተቆጣጠሩ በሉን።

የምርት ጉዳት አቤቱታ መመሪያችሁን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። «በምርቱ ምክንያት የደረሰ ጉዳት» ይላል። የሰው ብቻ አይልም። ውሻ በሕግ ንብረት ነው ብሎ የነገረኝ የእርስዎው ክፍል ነው። ይሁን፣ ንብረት ነው። ንብረቴ ተጎዳ። አሁንስ ቅጽ አላችሁ?

ፓኬቱ ላይ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ደግ አደረጋችሁ። ስለ እንስሳት አንዲት ቃል የለም። ለሕፃን እጅ እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራው ማሸጊያም ለውሻ ጥርስ ምኑም አይደለም። «ሕፃናትና እንስሳት» ለማለት ስንት ስብሰባ ነው የሚያስፈልገው?

ካሳ አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም። የምጠይቀው ይህን ነው። ውሳኔው የተሰጠው «ባለሙያ በማማከር» እንደሆነ ደብዳቤዎ ይናገራል። ያ ባለሙያ የእንስሳት ሐኪም ነው ወይስ አይደለም? ከሆነ አስተያየቱን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ከሐኪሟ ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበዋለሁ። ካልሆነ ፋይሉን ይክፈቱትና ለሚያውቅ ሰው ይስጡት።

የቡቺ ባለቤት