«የሚታይ የለውም» የተባለው አደባባይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሮም አደባባዮች የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ሮም የምንኖር ሐበሾች ተቀባብለን አነበብነው። ፒያሳ ናቮና አለ፤ የስፔን ደረጃዎች አሉ፤ ጄላቶ ብቻውን ሁለት ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶታል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ላለው ሰፊ አደባባይ የተረፈው ግን አንድ መስመር ነው፦ «የአውቶቡስ መቆሚያ ስለሆነ የሚታይ የለውም፤ ቶሎ እለፉት።»

የሌላ አገር ጋዜጣ ቢጽፈው ባልከፋን። በአማርኛ፣ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ተጽፎ ሲመጣ ግን ያንገበግባል። አደባባዩ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የ500ዎቹ አደባባይ ነው የሚባለው። 500ዎቹ ደግሞ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የፈጃቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው አንባቢያቸውን ከራስ አሉላ ሸሽቶ ወደ አይስክሬም እንዲሮጥ መክረውታል ማለት ነው።

የሟቾቹ መታሰቢያ ዛሬም አለ። ድሮ ጣቢያው ፊት ነበር፤ ኋላ ስለተዛወረ እዚያው የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ጣቢያውን ከኋላ አድርጎ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ ማቅናት ነው። ሰማዕታትን ያስፈጀው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ከዛፎቹ መካከል ይታያል፤ ከጣቢያው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ከላይ የቆመው ድንጋይ የግብጽ ነው፣ የዳግማዊ ራምሴስ። ብዙ ወገኖቻችን «የአክሱም ሐውልት» እያሉ ሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የግብጹ ላይ የወፍና የዓይን ሥዕል የመሰለ ጽሕፈት ተቀርጿል፤ የአክሱሙ ግን ከግርጌው በር፣ ወደ ላይ ደግሞ በየደርቡ መስኮት የተቀረጸበት፣ አናቱ ክብ የሆነ ነው።

በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። በዓመቱ፣ በሰኔ 1930 ዓ.ም.፣ ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ አንበሳውን እዚያ አይቶ ጎራዴውን የመዘዘው በዚሁ ስፍራ ነው። ተይዞም ወደ አገሩ ሳይመለስ ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። ይህ ሁሉ «የሚታይ የለውም» በተባለው መናኸሪያ አፍንጫ ሥር ነው!

እውነት ለመናገር፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ገጽ መጻፍ አይቻልም። ምርጫ ግድ ነው። ምርጫው ግን ሁልጊዜ እኛን እየዘለለ መሆኑ ነው ግራ የገባን። ፒያሳ ናቮና ላይ ያለው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ሲወሳ እንኳ የዓባይ ምስል ራሱን የተከናነበው «ምንጩ ስለማይታወቅ» እንደሆነ ተነግሮን ታለፈ። ፏፏቴው በ1643 ዓ.ም. ሲያልቅ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ካየ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ምንጩ አጠገብ የሚኖረውን የሰከላን ገበሬማ ማን ጠይቆት!

ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔናም ጨርሶ አልተነሳም። 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው እዚያ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሚገኝበት ሕንፃ ፊት ነበር። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ፈርማ፣ አክሱም የደረሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አሁን በአደባባዩ የሚታዩት ሁለት ዓምዶች ኒውዮርክ ላይ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት ለሞቱት የቆሙ ናቸው፤ የእኛ ሐውልት ርዝራዥ አይደሉም። ይህንንም የሚሳሳት ብዙ ነው።

አሳሳቢው የአውቶቡስ ቲኬት ከሆነም፣ ጽሑፋችሁ ቲኬቱን ተሳፍሮ በማሽኑ ማስመታት እንደሚያስፈልግ ሳይናገር ቀርቷል፤ ያልተመታ ቲኬት የያዘ እንግዳ እንዳልከፈለ ተቆጥሮ ይቀጣል። ወደ ፖርታ ካፔና ግን ሜትሮ ይሻላል፦ ከተርሚኒ በቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ። እርማት የምታወጡ ከሆነ አቅጣጫውን «ላውሬንቲና» ብላችሁ ጻፉ፤ «ሬቢቢያ» ያላችሁ እንደሆነ አንባቢያችሁን ከከተማው ሌላኛው ዳር ታወርዱታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሮም ነዋሪ አንባቢያችሁ