ካርቱን ያለበት ቆርቆሮ ከሰኔ በፊት ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመሥሪያ ቤት መጋዘኖች ውስጥ የድሮ ባለቀለም የካርቱን ፊልም ያላችሁ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን ከፍታችሁ እንድታዩት ለማሳሰብ ነው የጻፍነው። የምንለው ስለ ጠባቡ ፊልም ነው፤ 16 ሚሊሜትር፣ 8 ሚሊሜትርና ሱፐር 8። በዚህ ፊልም ላይ ሁለት ጥፋት ይፈጸማል። አንደኛው «ቀልቷል» ተብሎ መጣሉ ነው። ሁለተኛው ምን እንዳለበት ለማየት ሲባል በቀጥታ ፕሮጀክተር ላይ መውጣቱ ነው፤ ይኼኛው ይብሳል።

ቆርቆሮው ሲከፈት መጀመሪያ ይሸተት። አቼቶ አቼቶ ካለ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት የተባለው ፕላስቲክ እየፈረሰ ነው። የሚወጣው አሲድ መፍረሱን መልሶ ያፋጥነዋል፤ አጠገቡ ላለው ጤነኛ ጥቅልም ይተርፋል። ስለዚህ ያ ጥቅል ዛሬውኑ ወደ ሌላ ክፍል ይውጣ። በፌስታል አይቋጠር፤ ትነቱ መውጫ ሲያጣ ጉዳቱ ይብሳል። የዛገ ቆርቆሮም ይቀየር፤ ዝገት ለአሲቴት ጠላት ነው።

16 ሚሊሜትር በማስመሪያ ይታወቃል። 8 እና ሱፐር 8 ግን ወርዳቸው እኩል ስለሆነ የሚለያቸው የዳር ቀዳዳው ነው። የ8 ቀዳዳ ተለቅ ብሎ በሁለት ምስሎች ድንበር ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የሱፐር 8 ቀዳዳ አነስ ብሎ በምስሉ ወገብ ትይዩ ነው። አንዱን በሌላው ማሽን ላይ ማዞር ቀዳዳውን መቅደድ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ፊልሙ ነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከሁሉ በፊት የሚመረመረው ጥቁሩ ነው። ካርቱን ለዚህ ይመቻል፤ ሥዕሉ ሁሉ በጥቁር መስመር የተከበበ ነውና። መስመሩና በምስሎቹ መካከል ያለው ድንበር ቡናማ ወይም ቀይ ከመሰለ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ኢስትማንከለር የተባለው የኮዳክ ባለቀለም ፊልም ዓይነት ነው። በዚህ ፊልም ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ሲያን የሚባለው ሰማያዊ-አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ቢጫውም ይከተለዋል፤ ማጀንታው (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ) ብቻውን ይቀራል። የጠፋው ቀለም በፊልሙ ላይ አይመለስም። ነገር ግን ጥቂት ሲያንና ቢጫ ከቀረለት በኮምፒውተር ሲቃኝ አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን የሚበቃ ምስል ይወጣዋል። የቀላ ፊልም አይጣል የምንለውም ለዚህ ነው።

ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩም ደማቅ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ሀብት ተገኘ ማለት ነው። ምናልባት ቀለሙ እንደ ማኅተም በሦስት ዙር የታተመበት የቴክኒከለር ቅጂ ይሆናል፤ ይህ ከ50 ዓመት በኋላም አይደበዝዝም። የድምፅ መስመሩ በብር የተሠራ ስለሆነ ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁር ነው። ኮዳክሮም የተባለው ሌላው የኮዳክ ፊልምም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን ይጠብቃል። በዳሩ ላይ ኤልፒፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጣው፣ ቶሎ የማይደበዝዘው የኮዳክ ፊልም ነው። በሩሲያ ፊደል ስቬማ ወይም ታስማ የሚል የሶቪየት ፊልምም ይኖራል፤ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመባት ከተማ የሩሲያ ካርቱን ቢገኝ አይገርምም።

ሳይደበዝዝ የደበዘዘ የሚመስልም አለ። ባለሦስት ቀለሙን ቴክኒከለር እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1935 በካርቱን ላይ የመጠቀም መብት የዲስኒ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ስቱዲዮዎች በ1934 እና በ1935 ከሠሯቸው ባለቀለም ካርቱኖች ብዙዎቹ በሁለት ቀለም፣ በብርቱካናማ ቀይና በሰማያዊ-አረንጓዴ የተሠሩ ናቸው። እውነተኛ ቢጫ ወይም ሐምራዊ ባይኖርባቸው የተፈጥሯቸው ነው። ለቤት መመልከቻ ይሸጡ ከነበሩት የ8 ሚሊሜትር ቅጂዎችም ብዙዎቹ ከባለቀለም ካርቱን በጥቁርና ነጭ የተገለበጡ ናቸው።

ኮዳክ የተሠራበትን ዓመት በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን ምልክት በዳሩ ላይ ያትም ነበር። ምልክቱ በየ20 ዓመቱ ይደገማል፤ እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ለ1968ም ያገለግላል። ቅጂው የተገለበጠበት የእናት ፊልሙ ምልክት አብሮ ሊገለበጥ ስለሚችል በምልክቱ ብቻ ዋጋ አይተመን።

ፕሮጀክተር ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ይለካ። ያልተኮማተረ 16 ሚሊሜትር ፊልም 100 ምስሉ 76.2 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ሱፐር 8 ከሆነ 42.3፣ 8 ከሆነ 38.1። 16ቱ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ካጠረ አይዙር። የማሽኑ ጥርስ ከቀዳዳው ጋር ስለማይገጥም ፊልሙ በየምስሉ ይቀደዳል። ጥርስ በሌለው ስካነር ግን ሊቃኝ ይችላል።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ፕሮጀክተር ሌላ ጣጣ አለው። 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አምፖሉን ያድናል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይቀይርም። ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ ሞተር ያለው ማሽን በሴኮንድ 24 ምስል መሄድ ሲገባው 20 ይሄዳል። የ7 ደቂቃው ካርቱን 8 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ሙዚቃውም ይወፍራል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ ነው፤ ከመግዛት በፊት መኖሩ ይጠየቅ። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ የፊልሙ ላይሆን ይችላል። በ16 ሚሊሜትር ላይ ድምፁ ከምስሉ በ26 ምስል ስለሚቀድም ብርሃን ከሚያልፍበት መስኮት በታች ፊልሙ ላላ ብሎ የሚታጠፍበት ቅስት ሲረዝም ወይም ሲያጥር ድምፁ ይዛነፋል።

ጽዳት ላይ ውሃ የሚባል አይነካው፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ያብጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውሃ ነው፤ የሚያስፈልገው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው። ፊልሙ ድምፅ የተቀረጸበት ቡናማ የመግነጢስ መስመር ካለው መስመሩ እንዳይላቀቅ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይሞከር። ሻጋታ ያለበት እርጥብ ሆኖ ከተጠረገ ይለጠፋል፤ ደርቆ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ።

ማስቀመጫው የዚህ ሁሉ መሠረት ነው። የጣና እርጥበት ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይታያል፤ ፊልም ደግሞ የሚፈልገው ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ፣ መሬት ላይ ወይም ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይቀመጥ። የደሴቶቹ ገዳማት ብራናውን በማኅደር አድርገው የሚሰቅሉበት ብልሃት እዚህም ይሠራል፤ ከመሬት ይራቅ፣ አየር ይዙረው። ጥቅሉ በጀርባው ተጋድሞ፣ ቢቻል አየር በሚያስገባ የፕላስቲክ መያዣ ይሁን። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ሣጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ፊልሙን ግን አይንካ። ብርቱካናማው ዓይነት ሲሊካ ጄል እርጥበት ጠግቦ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ይመለሳል።

በየቆርቆሮው ላይ የተከፈተበት ቀን፣ ሽታው፣ የ100 ምስሉ ርዝመትና የጥቁሩ ቀለም በእርሳስ ይጻፍ። በጥቅምት ተመልሶ ሲለካ ርዝመቱ ከቀነሰ ወይም አቼቶው ከጀመረ፣ ያ ጥቅል ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃኝ።

ፊልም ሰብሳቢዎች
ከባሕር ዳር