ቅሬያችን በቁማችንም ይድረስልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በደሴና በኮምቦልቻ ቤተሰብን የሚደግፈው ማነው ሲባል ቶሎ የሚጠሩት ፋብሪካዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ቅሬና ስለ ሰፈር ሱቅ ነው። ሁለቱ ቢመካከሩ ብዙ ቤት ሳይፈርስ መድረስ ይቻላል።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአንድ ቅሬ አባል ይሆናል። ሰው ሲሞት አብሮ ድንኳን ይተክላል፣ አብሮ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን አብሮ ያስተዛዝናል። ደንብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ጠዋት ተለፍፎ ከሰዓት ሰፈሩን በሙሉ የሚያሰባስብ ሌላ ድርጅት እኔ አላውቅም።

ግን የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው። አባሉ ለወራት ታሞ ሲተኛ ጎረቤት በየግሉ ይጠይቀዋል፣ አቅም ያለው ጥቂት ብር ትራሱ ሥር አኑሮለት ይወጣል። የቅሬው ገንዘብ ግን ተቀምጦ ቀብሩን ይጠብቃል። ይህ ያሳዝነኛል። አባቶቻችን ቅሬን ያቋቋሙት ሰው በችግሩ ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር ብለው ነው። ዛሬ ሰውን ብቻውን የሚያስቀረው ደግሞ ሕክምናና የትምህርት ወጪ ነው።

ችግሩን ቀድሞ የሚያየው ባለሱቁ ነው። በሊትር ዘይት ይገዛ የነበረ ቤት በላስቲክ የተቋጠረች ዘይት መግዛት ሲጀምር ያያል። በየወሩ የሚዘጋው የዱቤ ሒሳብ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ወር ሲገፋ ያውቃል። ልጅ የደብተር ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን ሲመለስም ያያል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያገኛቸው ሱቁም፣ ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ ግማሽ መደርደሪያ ሞልተው የከፈቱ ነጋዴዎች ደንበኛቸውን በዱቤ አቆይተዋል። ዱቤያቸው ሳይመለስላቸው የቀሩም አሉ። ይህ ውለታ ተመዝግቦ አላየሁም።

ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቅሬ ከቀብሩ ገንዘብ የተለየች ትንሽ ሣጥን ይክፈት። የመጀመሪያ ሥራዋም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ይሁን። መድኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሙከራው ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያና በመንግሥት ሆስፒታል ከኪሱ ሳይከፍል ይታከማል። የድሃ ድሃ ተብሎ የተለየውን መንግሥት ይከፍልለታል። መሐል ላይ ያለው ነው የሚወድቀው። ድሃ ተብሎ አልተመዘገበም፤ የእድሳቱ ወር ሲደርስ ደግሞ እጁ ላይ ብር የለም። ካላደሰ የመድን መታወቂያው አይሠራም፣ ያኔ ሲታመም በሬውን ወይ ጌጡን ይሸጣል። ቅሬው ያንን የአንድ ጊዜ ክፍያ ቢሸፍንለት፣ ሲቻለውም ቢመልስ፣ ለሁሉም ይቀላል። ጤና ተቋሙ ውስጥ መድኃኒት ጠፍቶ ከውጭ ግዙ የሚባልበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ምርመራውና አልጋው ብቻ ስንቱን ቤት አራቁቷል።

ሽማግሌዎቻችን የቀብር ገንዘብ አይነካም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አይነካ። ለዚህ ነው የተለየች ሣጥን ያልኩት። የተቻለው በወር ጥቂት ይጨምርባት፤ ነጋዴውም የአቅሙን ያዋጣ። ቅሬውም በተራው ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና ዱቄቱን ከሰፈሩ ባለሱቅ ይግዛ። ያ ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው ዕቃ ሲኖረው ነውና።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ወሎ ላይ ችግር ገመና ነው። ባለሱቁ የሰው ስም ይዞ ስብሰባ ላይ እንዳይቆም። ችግሩ የደረሰበትን ሰው አስፈቅዶ፣ ለቅሬው ሰብሳቢ ወይም ለአንድ የታመነ ሰው ብቻ ይንገር። በስብሰባ ከሚዋረድ ቢራብ የሚመርጥ ብዙ ሰው አለ።

የኮምቦልቻው ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በ2014 በጦርነቱ ላይ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚላክበት የአጎዋ የገበያ ዕድል መዘጋት ሲጨመርበት ሥራው ምን ያህል ሊናጋ እንደሚችል አየን። እነዚህ ልጆች የሚታመኑበት ቅሬ የላቸውም። ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም ተብሎ ይታለፋል። አከራያቸው ዋስ ሆኖላቸው፣ መዋጮው በየወሩ እየተከፈለ፣ ሲለቁም ሒሳባቸውን ዘግተው የሚሄዱበት ደንብ ማውጣት ይቻላል። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰዎችና መምህራን በየቅሬው አሉ፤ አንድ እሑድ ተቀምጠው ሊጽፉት ይችላሉ።

ጋዜጣችሁም ይህን የጀመረ ቅሬ ካለ ደንቡን እንዳለ ያትምልን። ሌሎቻችን ስም ብቻ ቀይረን እንጠቀምበታለን።

አክባሪያችሁ
ከሆጤ፣ ደሴ