አነበብኩት እንጂ አልገባኝም ነበር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት ቆሎ ጠቅልዬበታለሁ። ኮልፌ መንገድ ዳር ቆሎና ሱፍ እሸጥ ነበር። አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ እገዛለሁ፣ እቀደዋለሁ፣ እንደ ቀንድ ጠቅልዬ ቆሎ እሞላበታለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ቆሎውን ሲጨርስ ወረቀቱን ዘርግቶ እዚያው ቆሞ ማንበብ ይጀምራል። እኔ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። እቀና ነበር፣ አልዋሽም።

በ29 ዓመቴ ማታ ትምህርት ገባሁ። ቀን ልጆች የሚማሩበት ክፍል ስለሆነ ዴስኩ ለጉልበታችን አይበቃም ነበር፣ ግን ማን ግድ ሰጥቶት። በሁለት ዓመት ውስጥ የሱቅ ጽሑፍ፣ የታክሲ ታፔላ፣ የልጄን ደብተር ሁሉ ማንበብ ቻልኩ። መንገድ ላይ ስሄድ ያገኘሁትን ሁሉ በአፌ እያነበብኩ ነበር የማልፈው። ሰፈሩም «ማንበብ ቻለች» አለ፣ እኔም አመንኩ።

በሦስተኛው ዓመት ቆሎውን ትቼ ጀበና ቡና ለመክፈት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ውሉ አራት ገጽ ነው። አከራዩ «ሰው ያንብብላት» ሲሉ «ራሴ አነባለሁ» አልኩ። ሁለት ምስክሮች ባሉበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድ ቃል አልዘለልኩም። አንዱ ምስክር «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ። ከዚያ በፊት የትም ቦታ በጣቴ ነበር የምፈርመው፣ ያን ቀን በእስክሪብቶ ስሜን ጻፍኩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉን ልቀቂ ተባልኩ። ያስያዝኩት የሦስት ወር ኪራይም አይመለስም ተባለ። እንዴት ብዬ ጮህኩ። ውሉን አውጥተው አሳዩኝ። እኔው በአፌ ያነበብኩት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ የውሉ ዘመን ከመጠናቀቁ ከሠላሳ ቀን በፊት ውሉን ለማደስ ያላትን ፍላጎት በጽሑፍ ካላሳወቀች በስተቀር ውሉ እንደታደሰ የማይቆጠር ሲሆን፣ በመያዣነት የተከፈለው ገንዘብም ተመላሽ አይሆንም።»

ከአከራዩ ጋር የነበረኝ ጉዳይ አልቋል፣ እሱን ላነሳ አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁሉንም ፊደል አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ቃልም አውቀዋለሁ። ሲገጣጠም ግን ምን እንደሚለኝ አልሰማሁም። ካላሳወቀች፣ በስተቀር፣ የማይቆጠር፣ አይሆንም። አራቱም ይከለክላሉ፣ አራቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ደግሞ ቋንቋችን ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቃል በቃል እየለቀመ የሚያነብ ጀማሪ ግሱ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ስለማን ሲወራ እንደነበር ረስቶታል። ትንፋሹ ያልቃል፣ ነጥቡ ጋ ሲደርስ «ተወጣሁት» ብሎ ደስ ይለዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

ይህን ያስረዳችኝ የማታ መምህርታችን ናት። ውሉን ይዤላት ሄድኩ፣ እያለቀስኩ ጭምር። አልተቆጣችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ ሁሉ «ቤታችሁ ያለ ያልገባችሁን ወረቀት አምጡ» አለች። ምን ያልመጣ አለ። የመብራት ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ አንዷ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ እህቷ የተሰጠ የሥራ ውል። ለካ ሁላችንም ያልገባንን ነገር ፍራሽ ስር አስቀምጠን ነው የምንኖረው። ሰው ፊት ሲሆን «መነፅሬን ረስቼ ነው» የምንለው ብዙዎች ነን፣ መነፅር የሌለንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ መማሪያችን እነዚህ ወረቀቶች ሆኑ። መምህርታችን የምትለን ቀላል ነበር። መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ማን እንደሚያደርገው ፈልጉ። ከዚያ እስከ መቼ? ካልሆነስ? ይሄን አራት ጥያቄ ካልመለሳችሁ አላነበባችሁም ትለናለች። ሲያልቅ ወረቀቱን አስገልብጣ «እስቲ ለጎረቤትሽ እንደምትነግሪያት ንገሪኝ» ትላለች። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚወጣው። ወረቀቱ ፊቴ ሲሆን የገባኝ የመሰለኝ ነገር፣ ሲገለበጥ ከአፌ አይወጣም።

በእድሩ ደንብ የተጨቃጨቅነውን አልረሳውም። «በተከታታይ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ከአባልነት ይሰረዛል» ይላል። ግማሹ ክፍል በዓመት ውስጥ ሦስት ወር ያጎደለ ሁሉ ይሰረዛል ብሎ ተረዳው። «በተከታታይ» የምትለዋን ቃል ሁሉም አንብቧታል፣ ማንም አላሰባትም። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ተከራከርን። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የሆኑ አባት፣ እድሩ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ፣ «ይቺን ቃል ዛሬ ነው ያየኋት» አሉ።

ስለ አንዲት ፊደል ደግሞ ልጨምር። አከራይና ተከራይ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ። «ተ» አለች ወይስ የለችም? ገንዘብ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ዕዳው በማን ላይ እንደሆነ የምትለየው እሷ ናት። ፈጥኖ የሚያነብ ጀማሪ ዓይኑ ይዘላታል። ጭራሽ በፊደል የማይለይም አለ። «ገና» ብላችሁ ብትጽፉ በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ይሰጣል» ሲል እሱ ራሱ ለሌላው የሚሰጥ ነው ወይስ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነገር ነው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ አፍ ነው የሚለየው። አፍ ደግሞ የሚለየው ሐሳቡ ሲገባው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማንበብ ይቻሉ፣ መረዳቱ በኋላ ይመጣል የሚሉኝን አልቀበልም። በአማርኛ ሳይገባህ አስተካክለህ ማንበብ ራሱ አትችልም።

ይሄ ነገር ለአገራችን አዲስ አልነበረም። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ለብቻው ነው፣ ትርጓሜ ደግሞ ለብቻው። ዳዊቱን በግዕዝ እንደ ውሃ የሚያወርደው ልጅ ምሥጢሩን ያውቃል ብሎ ማንም አያስብም፤ ለእሱ ቅኔ ቤት አለ፣ መጽሐፍ ቤት አለ፣ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የድሮ ሰዎች ሁለቱ የተለያየ ነገር መሆኑን አሳምረው ያውቁ ነበር። እኛ ነን ያደባለቅነው።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠረችው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ቆይቶ በ15 ቋንቋ የተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው። ዛሬም እኮራበታለሁ። የእናቴ ምስክር ወረቀት ደቡብ ጎንደር ያለው ቤታችን ግድግዳ ላይ እስካሁን ተሰቅሏል። እናቴ ግን አታነብም። ስሟን ትጽፋለች፣ በቃ። እንዳትፈርዱባት፣ ከዚያ በኋላ በእጇ የገባ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከዳዊቱ ውጪ ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፣ እሱም በግዕዝ ነው። የማይነበብበት ፊደል ይጠፋል፣ እንደማይታረስ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። እሷን ባየሁ ቁጥር ምስክር ወረቀቱን ሰጥቶ ሰውን እዚያው መተው ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ካልጻፍኩ ደግሞ ይቆጨኛል። አንድ ክሊኒክ ቀጠሮ ሲሰጠኝ ካርዱ ላይ 2:30 ብለው ጻፉልኝ። ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ለካ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ቡና ቤቱም ተዘግቶ ዋለ። ይሄስ ቀላል ነው። አብራኝ የምትማር አንዲት እናት መድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት አይታ «ይሄ ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ብላ አስቀምጣዋለች፣ መድኃኒቱ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበበችው። በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለውን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አላሰበችም እንጂ። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን ደግሞ ክፍላችን በሙሉ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ ነበር የተረጎመው። ከእራት እስከ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጣታችንን አስቆጥራ ነው መምህርታችን ያሳየችን።

እኔ ራሴ የተሻሻልኩት እንዴት ነው ብትሉኝ፣ በጋዜጣ ነው። በጤፍና በቡና ዋጋ ዜና ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ገበያውን አውቀዋለሁ። የምታውቀውን ነገር ስታነብ አዲሱ ቃል ራሱ ይገባሃል። «የዋጋ ንረት» ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ ዘይት በገዛሁ ቁጥር የሚደርስብኝ ነገር ነው። ጠዋት አንድ ዜና አነባለሁ፣ ጋዜጣውን አጥፌ ቡና ለሚጠጡት እነግራቸዋለሁ። ተሳስቼ ስነግር የሚያርመኝ አላጣም። አንድ ሹፌር ደንበኛዬ «እንደዚያ አይልም፣ እስቲ መልሰሽ እይው» ባለኝ ቁጥር ተምሬያለሁ፣ እግዜር ይስጠው። የፓርላማ ዜና ግን ዓመት ፈጀብኝ። «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለውን ሐረግ ስንት ሰው ጠይቄ ነው የገባኝ።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶ ስሰማ አራት ኪሎ ድረስ ሄጄ አየሁት። ደስ አለኝ፣ ያማረ ቤት ነው። የእኔ ቢጤ የሚያነበውን ስፈልግ ግን መሃል ላይ ቀረሁ። የልጆቹ መጽሐፍ ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ነው፣ የአዋቂው ከአቅሜ በላይ። ልጅ አሳድጋ፣ ነግዳ፣ ቀብራ፣ ድራ የምታውቅ ሴት ስለ ጦጣ እያነበበች ልቧ አይሞላም። በቀላል ቋንቋ ለትልቅ ሰው የተጻፈ ነገር ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ገጽ ስጡን። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይውጣበት፤ አንድ ቀን የኪራይ ውል፣ አንድ ቀን የብድር ውል፣ አንድ ቀን የመድኃኒት ካርቶን፣ አንድ ቀን ስልክ ላይ «ዕጣ ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» እያለ የሚመጣው የአጭበርባሪ መልዕክት። ከሥሩ ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንደ ሰው ንግግር ይጻፍ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄም ይኑር። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ። እናንተ ጋ መጻፍ የሚችል ሰው አለ፣ የማታ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ የሚያነበው ሕዝብ አለ። መምህሮቻችን ገጿን ቆርጠው ክፍል ውስጥ ይለጥፏታል።

የጎልማሶች ትምህርት የሚያስተምሩትንም እለምናለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ተማሪው ጮክ ብሎ ሲያነብ ብቻ አትስሙት። ወረቀቱን ገልብጡና ጠይቁት።

አዲሱን የኪራይ ውሌን ባለፈው መስከረም ፈርሜያለሁ። ሁለት ቀን ጠይቄ ቤት ወስጄ ነው ያነበብኩት። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ «ተከራይ» መሆን ያለበት «አከራይ» ተብሎ አግኝቼ አሳረምኩት። ለገጹ ናሙና የሚሆን ወረቀት ከፈለጋችሁ የክፍላችን ሰዎች የሰጡኝ አንድ ፌስታል ሙሉ አለኝ፣ ስማቸውን አጥፍቼ አመጣለሁ። ሰኞ ከሰዓት ቡናውን የምትይዝልኝ ልጅ ስላለች ለእኔ ሰኞ ይመቸኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የማታ ተማሪ፣ ከኮልፌ