ሁለተኛው የቶሮንቶ ቡድን ቡፋሎ ነው ያለው፦ ለስፖርት ጉዳይ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

በግል የጻፍኩልዎትን ደብዳቤዎች ያነበቧቸው አይመስለኝም። መልስ አልመጣም እያልኩ አይደለም። መጥቷል። «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ለሚመለከተው ክፍል መርተነዋል» ይላል። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ገልጾ መልሶ ወደ እርስዎ መራኝ። ከዚህ በኋላ በግል መጻፉ ምን ይጠቅማል? በአደባባይ እንነጋገር። የመሥሪያ ቤትዎን ስም ግን አላነሳም። ራሱን ያውቃል።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ቶሮንቶ ሁለተኛ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ቡድን እንዳይኖራት የወሰነው ማነው? ከተማዋ ሁለተኛ ቡድን መሸከም ትችላለች አትችልም ብዬ አልጠየቅኩም። እሱን የጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ። ጠይቃችሁም እናንተው መለሳችሁ፦ «ገበያው አይሸከምም።» አንዲት መስመር። አንድም ቁጥር የለባትም።

በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ባልደረባዎ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሐሜት አልፈልግም። ልጄ የሰፈር ቡድን በረኛ መሆኑን ነገርኳቸው። አንድ ቀን እንኳ የከተማችንን ቡድን ሜፕል ሊፍስን በዓይኑ እንዲያይ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ትኬት ተሸጦ አለቀ ከተባለ በኋላ ያው ወንበር በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ተመልሶ ገበያ ላይ እንደሚወጣም ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «በቴሌቪዥን ማየት ይቻላል እኮ» አሉኝ። ዝም ስላቸው ደግሞ፣ እየረዱኝ መስሏቸው፣ «ቡፋሎስ ሞክረዋል? እዚያ ይረክሳል» አሉ።

ቡፋሎ! የካናዳ መንግሥት ሠራተኛ ለቶሮንቶ ነዋሪ የሰጠው መፍትሔ አሜሪካ ሂድና ሆኪ እይ የሚል ነው። ሆኪ ብሔራዊ የክረምት ስፖርታችን ነው ተብሎ በሕግ በተደነገገበት አገር።

ሄድን እንግዲህ። ሊፍስ እዚያ በሚጫወቱበት ምሽት። ፓስፖርት ይዘን፣ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ሃሚልተንን በመስኮት እያየን አለፍን። ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ፣ ፒስ ብሪጅ ላይ የመኪናው ሰልፍ አይንቀሳቀስም። ከፊታችንም ከጎናችንም የኦንታሪዮ ታርጋ ነው። የጠረፍ ጠባቂው የጉዟችንን ምክንያት ሲጠይቅ ልጄ ከኋላ ወንበር «ሆኪ!» አለ። ሰውየው ፈገግ እንኳ አላለም። «ዛሬ ሁሉም ሆኪ ነው» ብሎ አሳለፈን።

ስታዲየሙ ውስጥ ስንገባ እንግዳው ማን እንደሆነ ግራ ይገባል። በየመደዳው የሜፕል ቅጠል ያለበት ማሊያ ነው። ሊፍስ ጎል ሲያገቡ ጣሪያው ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡ የሴበርስ፣ የቡፋሎው ቡድን፣ ደጋፊ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይሄ የእኛ ቤት ነው የእናንተ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? ቤት አጥተን ነው የመጣነው ልበላቸው?

ክቡር ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ «አይሸከምም» ያለው ገበያ ያን ምሽት እዚያ ነበር። ትኬቱን፣ ፓርኪንጉን፣ እራቱን በአሜሪካ ዶላር ከፍሎ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቶሮንቶ ሁለተኛ ቡድን አሁንም ተሸክማለች። ግብሩ ብቻ ነው ለሌላ አገር የሚገባው።

ቁጥር ስላልሰጣችሁኝ እኔ ልስጣችሁ። በ2021 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶሮንቶና ዙሪያዋ ከ6.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ይህ ሁሉ ሰው የሚጋፋው 19 ሺህ ገደማ ለሆነ ወንበር ነው። ዊኒፔግ ከነዙሪያዋ 835 ሺህ ገደማ ሆና የራሷ ቡድን አላት። ቡፋሎ ከነአካባቢዋ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አትበልጥም፤ ከ1970 ጀምሮ ቡድን አላት። ኒውዮርክ ዙሪያ ሦስት አሉ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በረዶ ከፍሪጅ ውጪ በማይታይበት፣ ሁለት አሉ። እኛ አንድ። እሱም ዋንጫ ያነሳው በ1967 ነው፣ ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ በነበረው ጊዜ። ያኔ የተወለደ ሰው ዛሬ ጡረታውን እያሰላ ነው። ወንበሩ ግን ይሸጣል። ለምን አይሸጥም? ሌላ የት ሊሄድ?

የሊጉን ደንብ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እያንዳንዱ ክለብ ከከተማው ወሰን አልፎ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የእሱ ክልል ነው። ሚሲሳጋ እዚያ ውስጥ ናት። ማርካምም፣ ሃሚልተንም። ሊጉ ደግሞ «ቪቶ ያለው ክለብ የለም» ይላል፤ ብቻውን የመከልከል መብት ማለቱ ነው። ጥሩ። ቪቶ ከሌለ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በሩን የዘጋው ንፋስ ነው?

መውጫ መንገዱም የታወቀ ነው። አናሃይም ላይ ዳክስ በ1993 ሲመሠረት ባለቤቱ ዲዝኒ 50 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ግማሹ የሄደው ክልሉ ለተነካበት ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ነው። ተከፈለ፣ ተጨባበጡ፣ ሁለቱም እስከዛሬ አሉ። ካሊፎርኒያ ላይ የሠራ ነገር ኦንታሪዮ ላይ ነውር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

መሥሪያ ቤትዎ አንድ ጊዜ ብቻ ሰነድ ጠቅሶ መልሶልኛል። በማርች 2008 የፌዴራሉ የንግድ ውድድር ቢሮ የናሽቪልን ክለብ የዝውውር ጉዳይ መርምሮ የሊጉ የዝውውር ፖሊሲ ሕግ አይጥስም ብሎ ፋይሉን መዝጋቱን። አነበብኩት። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ፖሊሲው በክለቦች መካከል ያለውን ባላንጣነት ለመጠበቅ ይረዳል የሚል ነው። ባላንጣነት! በአንድ ከተማ ከሚኖሩ ሁለት ቡድኖች የበለጠ ባላንጣ ከየት ይመጣል? ደግሞም ያ ፋይል የአንድ ክለብ ዝውውር ጉዳይ ነበር። እናንተ ግን እንደ ዘላለማዊ ፍርድ ነው የምትመዙት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናስታውስ። ጂም ባልሲሊ፣ የብላክቤሪ ስልኩ ሰውዬ፣ በ2009 የከሰረውን የፊኒክስ ክለብ ገዝቶ ሃሚልተን ሊያመጣው ፈለገ። ሊጉ አሪዞና ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከራከረ፣ አሸነፈ፣ ክለቡንም ራሱ ገዛው። ያ «ይሸከማል» የተባለው ገበያ መጨረሻው ምን ሆነ? ከ2022 ጀምሮ ቡድኑ 5 ሺህ ሰው እንኳ በማይይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ይጫወት ነበር። በ2024 ተጫዋቾቹን ጭነው ሶልት ሌክ ሲቲ ወሰዷቸው። አትላንታም ሁለት ጊዜ ቡድን ተሰጥቷት ሁለቱም ወደ ካናዳ መጥተዋል፤ አንዱ በ1980 ካልጋሪ፣ አንዱ በ2011 ዊኒፔግ። ለበረሃዋ ፊኒክስ ከሃያ ዓመት በላይ ትዕግሥት ነበር። ለእኛ አንድ ቀን ሙከራ እንኳ የለም።

ተሞክሮ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ቶሮንቶ ቶሮስ የሚባል የደብልዩኤችኤ (ያኔ ከኤንኤችኤል ጋር ይፎካከር የነበረ ሊግ) ቡድን በ1973 እዚህ መጥቶ ነበር። በ1974 ዝነኞቹን ተጫዋቾች ፍራንክ ማሆቭሊችንና ፖል ሄንደርሰንን ይዞ ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ገባ። አዳራሹ ግን በእነ ሃሮልድ ባላርድ እጅ ነበር፤ የሊፍስ ባለቤት። ባላርድ ከፍ ያለ ኪራይ ጠየቀ። መብራቱን አደብዝዞ ለሙሉ መብራት ተጨማሪ አስከፈለ። ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ትራሱን ሳይቀር አስነሳ። በ1976 ቶሮስ ጓዙን ጠቅልሎ በርሚንግሃም፣ አላባማ ገባ። ይህንን ነው «ገበያው አልሸከመም» የምትሉት? ትራሱን ማን እንዳነሳ እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛ ቡድን ሊወድቅ ይችላል። ሞንትሪያል ከ1924 ጀምሮ ሁለት ቡድን ነበራት። ከሁለቱ አንዱ ማሩንስ በ1926ና በ1935 ዋንጫ ወስዶ እንኳ በ1938፣ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን፣ ተዘጋ። እዚህም ሊሆን ይችላል። ይሁን። ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ ይክሰር። ከሕዝብ ካዝና ሳንቲም ይውጣ አላልኩም፤ እንዲያውም ማርካም ተበድራ ልትሠራ የነበረው የ325 ሚሊዮን ዶላር የሆኪ አዳራሽ በ2013 ሲቀር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ግን ይከስራል ብሎ በር መዝጋት የእናንተ ሥራ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ የምግብ ቤት ፈቃድ መስጠትም አቁሙ።

የሴቶቹንስ አይታችኋል? አዲሱ የሴቶች ሊግ በጃንዋሪ 2024 ሲጀመር ቶሮንቶ ከ3 ሺህ ሰው በታች በምትይዝ አዳራሽ አስገባቻቸው፤ ያችው የድሮዋ ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ውስጥ። በፌብሩዋሪ ከሞንትሪያል ጋር ትልቁ አዳራሽ ላይ ሲጫወቱ 19,285 ሰው ገባ። ይህችው «አትሸከምም» የተባለችው ከተማ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሰፋ ያለ ቤት ተዛወሩ። እዚያ ክልሌ ነው የሚል አልተነሳባቸውም፤ ሕዝቡም መጣ። ማርሊስም፣ የታችኛው ሊግ የቶሮንቶ ቡድን፣ አለ እኮ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ባለቤቱ ግን ያው ነው።

ስለ ባለቤት ካነሳን፣ ቴሌቪዥን እይ ወዳሉኝ ሰውዬ ልመለስ። ቴሌቪዥኑስ የማነው? በ2025 የቴሌኮም ኩባንያው ቤል ድርሻውን በ4.7 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ለሌላው የቴሌኮም ኩባንያ ለሮጀርስ ሸጦ ከሊፍስ ባለቤትነት ወጣ። ዋናው ጌታ አሁን ሮጀርስ ነው። በካናዳ የኤንኤችኤል ብሔራዊ ስርጭት መብትም ከ2014 ጀምሮ የሮጀርስ ነው፤ በ5.2 ቢሊዮን ለ12 ዓመት። ቀጣዩን 12 ዓመት ደግሞ በ11 ቢሊዮን ቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ ትኬቱ ሲወደድብኝ መንግሥት የመከረኝ ለዚያው ቤት በሌላ በር እንድከፍል ነው። ባልደረባዎ ይህን አስበው የተናገሩት አይመስለኝም። እርስዎ ግን ሊያስቡበት ይገባ ነበር። ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈልዎት።

«የግል ሊግ ጉዳይ ነው» የሚለውን መልስ ደግሞ ተዉት። በጨዋታ ቀን መንገድ የሚዘጋው ማነው? ፖሊስ የሚያሰማራው ማነው? ትርፍ ሲሆን የግል፣ ወጪ ሲሆን የጋራ መሆኑን ቀድሞ ቢነገረን ጥሩ ነበር።

የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። በዚህ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሌላ ባለሀብት ቡድን ለማምጣት ቢያመለክት የመንግሥት አቋም ምንድን ነው? ይቃወማል፣ ይደግፋል ወይስ ዝም ይላል? ዝም ይላል ከሆነም ይጻፍልኝ፤ የማን ፊርማ እንዳለበት እንድናውቅ። «ገበያው አይሸከምም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የተመሠረተበት ጥናት ካለ ለሕዝብ ይውጣ። ከሌለ ከደብዳቤያችሁ ይሰረዝ።

መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚለው እንደ መልስ አይቆጠርም።

አንድ የቶሮንቶ ግብር ከፋይና የበረኛ አባት