ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ነፃ ሶፍትዌር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ሥርዓት) ነፃ ነው፣ ጫኑት ብላችኋል። እሰየው። ከጫኑት በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ግን አልነካችሁትም።

የእህቴ ልጅ የማስተርስ ጥናቱን የሚሠራው በመንዝ ወንዞች ላይ ነው። የውሃ ፍሰት የሚያሰላለት ፕሮግራም ፎርትራን በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ዕድሜ የጠገበ ነው። ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሊያስነሳው ሲል አንዲት መስመር ወጣችበት፦ «ሊብጂፎርትራን 3» የሚባል ፋይል የለም። ላፕቶፑን ተሸክሞ አዲስ አበባ አንድ ጥገና ቤት ሄደ። 800 ብር ከፍሎ ፎርማት ተደረገለት። 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ሲከፍተው ያቺው መስመር ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

ነገሩ እንደ እድር ዕቃ ነው። ትልቅ ድስት በየቤቱ አይገዛም፤ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወሰዳል። ሊኑክስ ላይም ፕሮግራሞች የጋራ ላይብረሪ፣ ማለትም ለብዙዎች የሚያገለግል የተዘጋጀ የኮድ ፋይል፣ ይዋሳሉ። በእጃቸው ያለው የዕቃው ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ «የለም» ሲባል ዕቃው እውነትም የለም፤ ወይም ደግሞ ዕቃ ቤት ተቀምጦ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ይህን የምትለይ «ኤልዲዲ» የምትባል ትእዛዝ አለች። ፕሮግራሙ የሚዋሳቸውን አንድ በአንድ ትዘረዝራለች፤ ከጎደለው ጎን «አልተገኘም» ትላለች። አንድ ማታ ጋቢ ተከናንበን (የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል) ሞከርናት። ስክሪኑ የነገረን አንድ ጉድለት ነበር፣ እሷ ሁለት አወጣች።

መጀመሪያ ልጁን ብልጠት አማረው። ማሽኑ ላይ ላለው፣ ቁጥሩ 5 ለሆነው ሊብጂፎርትራን «3» የሚል ስም ሰጠው። የወጥ ድስት ላይ የጋን ቁጥር እንደ መለጠፍ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን አገኘ፣ ውስጡን አየና የምፈልገው ስሪት ይህ አይደለም ብሎ እንቢ አለ። ደግ አደረገ፤ ተነስቶ የተሳሳተ ቁጥር ቢያወጣልን ነበር ጉዱ! የሊብጂፎርትራን ቁጥር የተቀየረው በጂሲሲ ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ስሪት 7 ላይ ወደ 4፣ በስሪት 8 ላይ ደግሞ ወደ 5 ነው። የድሮው ፕሮግራም ይህን ከየት ይወቀው?

ደግነቱ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ በእጁ ነበር። በራሱ ማሽን ላይ ባለው ጂፎርትራን (የጂሲሲ የፎርትራን ኮምፓይለር) እንደ አዲስ ኮምፓይል ስናደርገው የ3 ጥያቄ ቀረ። ሁለተኛው ጉድለት የሳይንስ መረጃ ፋይሎችን የሚያነብና የሚጽፍ የኔትሲዲኤፍ ላይብረሪ ነው፤ እሱን ራሱ ልጁ ጭኖት «ዩኤስአር ሎካል ሊብ» ፎልደር ውስጥ ተኝቷል። «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ብለን መዝገቡን አደስን። ተነሳ። መብራት ሳይሄድ ጨረስን፣ እሱም ዕድል ነው።

እባካችሁ ሁለተኛ ስትጽፉ ኤልዲዲን አትርሷት። ለ800 ብሩ ብዙም አልተቆጨሁም። የቆጨኝ ፎርማቱ ይዞት የሄደው የዝናብ መረጃ ነው። ልጁ ከወረቀት ላይ እንደገና እየመዘገበው ነው፤ እስከ ትናንት ማታ ሐምሌ ላይ ደርሷል።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን