ለአባታችን የጦር ጓዶች፣ ለጎረቤቶቻችንና ለእድራችን፦ ከጅማ የተላከ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ነሐሴ በአንድ ሌሊት ዝናብ የቤታችን የጓሮ ግድግዳ ተደርምሶ እናታችን ከፍርስራሹ ሥር ስትቀር ደርሳችሁ ያወጣችኋት፣ ሆስፒታል ያደረሳችኋት፣ ያስታመማችኋት፣ ከዚያም ቤቱን ከመሠረቱ አንስታችሁ የሠራችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልን። እናታችን ዛሬ በከዘራ እየተደገፈች ደጅ ትወጣለች። ቤቱም ቆሟል። በየቤታችሁ ዞረን ማመስገን ስላልሆነልን፣ በእናታችንና በወንድሞቼ ስም የቤቱ ታላቅ ልጅ እኔ ይህን ጽፌያለሁ።

ስም አልጠራም። ጠርቼ አልዘልቀውም፤ አንድ ሰው ቢቀርብኝ ደግሞ ይቆጨኛል። ከሁሉ በላይ የደከሙትም «ስማችንን እንዳታነሺ» ብለው አደራ ብለውኛል። በማዕረጋቸውና በሰፈራቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል።

ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው ባትሪ ይዘው ከነልጆቻቸው የመጡት ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ነው። ማገሩን በእጃቸው እየነቀሉ እናታችንን ሲያወጧት ዝናቡ አላባራም ነበር። ወደ እኛ ቅያስ መኪና ስለማይገባ እስከ አስፋልቱ በአልጋ ተሸክመዋት ወረዱ። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው የሚኒባስ ሹፌር ሆስፒታል አድርሶ፣ ሂሳብ ሲሉት «ለእናቴ እንዳደረግሁት ቁጠሩት» ብሎ ሄደ። የእግሯን ስብራት ያከማችሁ ሐኪሞችና ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቧ ያልራቃችሁ ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። እድራችን ድንኳኑን ለሐዘን ሳይሆን ለዕቃችን መጠለያ ተከለልን። የሰፈሩ ሴቶች ሾርባና ገንፎ ይዛችሁ ያልገባችሁበት ቀን የለም።

አሁን ስለ አባታችን ጓዶች ልንገራችሁ። ለመጻፍ ያነሳሱኝ ከሁሉ በላይ እነሱ ናቸው።

አባታችን የጦር መሐንዲስ ነበሩ፤ ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ። ወታደር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጠመንጃ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ግን ከእግረኛው ፊት ፈንጂ ያነሳል፣ ከኋላው መንገድ ይጠርጋል፣ ወንዝ ሲያጋጥም ድልድይ ይዘረጋል፣ ምሽግ ይቆፍራል። ድሉ ሲወራ ታንኩ የተሻገረበትን ድልድይ ማን እንደዘረጋው የሚጠይቅ የለም። አባታችን በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በገባ ጊዜ በምሥራቅ ግንባር ነበሩ፤ የካራማራ ድል ቀን፣ የካቲት 26፣ በየዓመቱ ቤታችን ቡና ሳይፈላ አልፎ አያውቅም። ከዚያ ወደ ሰሜን ተዛወሩ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አንዲት ሻንጣ ይዘው ጅማ ተመለሱና ግንበኛ፣ ኋላም ካቦ ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ሙያ ያላቸው የቀድሞ ሠራዊት አባላት ሲጠሩ፣ ቂም ሳይዙ ሻንጣቸውን አንስተው እንደገና ሄዱ። ከዚያም በሰላም ተመልሰው፣ አርጅተው፣ በቤታቸው አረፉ።

የመሐንዲስ ክፍሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁት በአንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ያለው አዲስ አበባ በሚኖሩት ሻምበል እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አለው፦ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች፣ የማን ቤት እንደፈረሰ። አንዱ ሲያርፍ ሻምበሉ በቀይ እስክሪብቶ ቀኑን ይጽፋሉ እንጂ ገጹን አይዘጉም። የአባታችንን ገጽ በዓይኔ አይቸዋለሁ። ከቀዩ ጽሑፍ ሥር «ባለቤታቸው አሉ። ጅማ። ለመስቀልና ለፋሲካ ይደወል» ይላል። ከዚያ በታች በየዓመቱ የተደወለበት ምልክት ተደርጓል፤ አንድም የተዘለለ በዓል የለም።

የእኛ መከራ የተሰማውም በዚሁ ደብተር ነው። ሻምበሉ የደወሉት ነቀምቴ ያሉ አንድ ጓዳቸው ማረፋቸውን ለእናቴ ሊያረዱ ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ሆኜ ከሆስፒታል ኮሪደር መሆኔን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ «እሷ እንዴት ናት?» እና «ግድግዳው የወደቀው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

ሳምንት ሳይሞላ መጡ። አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርገው፣ የጊቤን በረሃ አቋርጠው። አንዱ ከአጋሮ ቡና፣ አንዱ ከቦንጋ ማር ተሸክሞ። ከዚሁ ከጅማ ደግሞ በ1990ው ጦርነት መሐንዲስ የነበረ፣ አሁን ሎደር የሚነዳ ጎልማሳ አሸዋና ድንጋይ በመኪና አስመጣ። ከሽማግሌዎቹ ጋር በአንድ ሠራዊት ውስጥ ሆኖ አያውቅም፤ እነሱ የተበተኑት እሱ ልጅ ሳለ ነው። ሆኖም ሻምበሉን ሲያይ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ እሳቸውም አቅፈው ሳሙት። በዘመን የተለያዩ የአንድ አገር ወታደሮች በእኛ ጓሮ ሲገናኙ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ሻምበሉ የወደቀውን ግድግዳ ለማየት አልቸኮሉም። እየዘነበ ሳለ ጃንጥላ ዘርግተው ወደ ዳገቱ ወጡና ጎርፉ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወርድ ቆመው አዩ። ከላይ ያለው የመንገድ ዳር ቦይ በተጣለ አፈር ተደፍኗል፤ ጎርፉም አቅጣጫውን ስቶ በቀጥታ ወደ ጓሯችን ይገባል። ጎረቤት ሁሉ ለዓመታት አቤት ያለበት፣ ሰሚ ያጣ ጉዳይ ነው። ሲመለሱ «ቤቱን የጣለው ዝናቡ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውኃ ነው» አሉኝ። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ጅማ ይህን ቃል ብዙ ሰው ቢይዘው እወዳለሁ። ግድግዳ ከመታደሱ በፊት የሰፈሩ ወጣቶች ከሎደር ነጂው ጋር ቦዩን ጠርገው ጎርፉን ወደ ዋናው መፍሰሻ መለሱት። ዛሬ የተጠቀመው የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ በታች ያሉ ቤቶች ሁሉ ናቸው።

ከዚያ መሠረቱ ወጣ። የአጋሮው አስር አለቃ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ብርጭቆ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲባጎ ሲይዙ ግን አይንቀጠቀጥም። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው ችካል ተከሉ፤ በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ አንዱን ችካል ጣት በጣት አንቀሳቀሱት። «ማዕዘኑ ይኸው፣ 90 ዲግሪ» አሉና ለታናሽ ወንድሜ ሲባጎውን ሰጥተው ሌላውን ማዕዘን እሱ እንዲያወጣ አደረጉ። ከፍታውን ያስተካከሉት ውኃ በሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል የሚቆምበትን በእርሳስ ምልክት ማድረግ ብቻ። ሌላ መሣሪያ አልያዙም።

ከዳገቱ በኩል ያለውን አፈር የሚይዘውን የድጋፍ ግንብ በድንጋይ ገነቡት፤ ከጀርባው ጠጠር ሞሉ፤ በግንቡ ውስጥ ውኃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች ቀበሩ። ግንበኛ የሆነ የአጎቴ ልጅ ቀዳዳው ግንቡን ያደክመዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻምበሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት አስረዱት፦ ከጀርባው ውኃ የታቆረበት ግንብ አፈሩንም ውኃውንም ለብቻው ይገፋል፤ ውኃው ከወጣ የሚቀረው አፈሩ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ቋሚዎች በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከሉ ስለነበሩ ግማሹን ምስጥ በልቶታል፣ ግማሹ በስብሷል። አዲሶቹን እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት አጠጥተው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቆሟቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ከሰነበተ በኋላ የሰፈሩ ልጆች በእግራቸው ረገጡት። ክዳኑ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወጣ ተደረገ፣ አሸንዳም ገባለት።

የጣሪያው ካፕሪያታ፣ ቆርቆሮውን የሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ፣ የሚነሳ ዕለት የሆነውን ግን እናታችን ከድንኳኑ ሥር አልጋዋ ላይ ሆና አይታዋለች። ሻምበሉ «እንደ ፓኔሉ!» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሳይነጋገሩ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ ቆሙ። አባታችን ልጆች ሳለን ሺህ ጊዜ የነገሩን ይህን ነው። የቤይሊ ድልድይ የሚባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የተነደፈው ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ፣ አንዱ ፓኔል 3 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ናቸው። ክሬን አይፈልግም። በአንዱ ዳር በሮለር ላይ እየገጣጠሙ ወደፊት ይገፉታል፤ ማዶ ሰው ሳይኖር ወንዙን ይሻገራል። አባታችን «ስድስታችን አንድ ላይ ካልተነሳን የአንዱ ጀርባ ይሰበራል» ይሉ ነበር። ሻምበሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሲያዙ ስድስቱ አንድ ላይ ተነሱ። ከስድስቱ አንዱ በአባታችን ቦታ የቆመው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ሻምበሉ ራሳቸው ጠርተው አቁመውታል። እናታችን ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአደጋው ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ለሚስቶቻቸውም የተለየ ምስጋና አለኝ። ከሻምበሉ ጋር የመጡት ባለቤታቸው ከእናቴ ጋር በአንድ የጦር ሰፈር ባሎቻቸውን የጠበቁ ናቸው፤ ለሠራዊቱ የሚቀርበውን የራዲዮ ፕሮግራም አብረው አዳምጠው፣ ደብዳቤ የመጣላት ላልመጣላት እያነበበች አብረው ያደሩ። እናቴ አጠገብ ፍራሽ አንጥፈው ሰነበቱ። የእግሯን ሕመም ለእኔ የደበቀችውን ለእሳቸው ነገረቻቸው፣ እሳቸውም ለሐኪሙ ነገሩ። ከአባላቱ የአንዱ ልጅ፣ አዲስ አበባ በሲቪል ምህንድስና የምትሠራ፣ ሥራው በየደረጃው ፎቶ እየተላከላት ታርም ነበር፤ የደብተሩ ሁለተኛ ትውልድ እሷ ናት።

ማታ ማታ ሥራ ሲቆም ቡና ይፈላና ሻምበሉ ደብተሩን ይከፍታሉ። ገጽ በገጽ ያነባሉ፤ የሚያውቅ ሰው ይጨምራል። «እሱ ዓይኑን ተሠራ።» «የዚያ ልጅ አገባች።» «ይህ ስልኩ አይሠራም፣ ማን ያገኘዋል?» የሰፈራችን ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ያላዩትን ሰው ወሬ እንደ ዘመድ ወሬ ያዳምጡ ነበር። ሐጂ አንዱን ስልኩ የጠፋ ሰው ሊሙ ገነት እንደሚያውቁት ተናገሩ። በማግስቱ ልጃቸውን ልከው አገናኟቸው። ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ሁሉ ዝም ብለን ሰማን።

ስለዚህ በዚህ መልእክት አንድ ነገር ልለምን። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በሰቃ፣ በቦንጋም ይሁን በሌላ ቦታ፣ ባላችሁ ወይም አባታችሁ የጦር መሐንዲስ ሆነው ያገለገሉና ያረፉ፣ ከጓዶቻቸው ጋር የተቋረጣችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ አድራሻችሁን ለሚያውቋችሁ የክፍሉ ሰዎች ንገሩ፤ ሰው ካጣችሁም ወደ እኛ ቤት ኑ። ሻምበሉ ባዶ ገጾች አሉኝ ብለዋል። ባል ሲሞት ብዙ ጊዜ ስልኩም አብሮ ይዘጋል፤ ሚስትየው ለማን እንደምትደውል አታውቅም፣ ጓዶቹም ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። የእኛ እናት ስልክ ባይመዘገብ ኖሮ ሻምበሉ ለማን ይደውሉ ነበር? በሕይወት ያላችሁ አባቶችም የባለቤታችሁንና የአንድ ልጃችሁን ስም አሁኑኑ አስመዝግቡ።

በገንዘብ የረዳችሁን፣ ቆርቆሮና ምስማር የላካችሁ፣ ከውጭ አገር ያሰባችሁን፣ በየእምነታችሁ በጸሎትና በዱዓ ያሰባችሁን፣ መጥታችሁ ዝም ብላችሁ አጠገባችን የተቀመጣችሁ፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ለታመመው ምሕረትን፣ ላዘነው መጽናናትን ያምጣላችሁ። የነቀምቴውን ጓድ ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን። እናታችንም እግሯ እንደጠና ነቀምቴ ለቅሶ ለመድረስ ለመሄድ ተስማምታለች፤ ሻምበሉም አብረን እንሄዳለን ብለዋታል።

እግዚአብሔር ይስጥልን። ገለቶማ።

የሟቹ ሃምሳ አለቃ ባለቤትና ልጆች
ጅማ